ከነጥብ እስከ ምህዋር፦ ሴሬስ እንዴት ተገኘች፣ ጠፍታስ እንዴት ተመለሰች

በቴሌስኮፕ ሲታይ አስትሮይድ፣ ማለትም በፀሐይ ዙሪያ የሚዞር ከፕላኔት ያነሰ አካል፣ ከኮከብ አይለይም። ሁለቱም ቅርጽና ጠርዝ የሌላቸው የብርሃን ነጥቦች ሆነው ይታያሉ፤ በ1802 ዊልያም ኸርሸል ለእነዚህ አካላት «አስትሮይድ»፣ ማለትም «ኮከብ መሰል»፣ የሚለውን ስያሜ ያቀረበውም በዚሁ ምክንያት ነበር። አንዱን ከሌላው የሚለየው እንቅስቃሴ ነው። ከዋክብቱ እርስ በርሳቸው ያላቸውን አቀማመጥ ሳይለውጡ ሌሊቶች ሲያልፉ፣ አስትሮይዱ በመካከላቸው ቀስ እያለ ይሄዳል። ስለዚህ አንድ አስትሮይድ ተገኘ ለማለት ነጥቡን አንድ ሌሊት ማየት አይበቃም፤ ከወር፣ ከዓመትና ከአሥር ዓመት በኋላ በሰማይ ላይ የት እንደሚሆን መናገር መቻል አለበት። ይህን ለመናገር ደግሞ ምህዋሩን፣ ማለትም በፀሐይ ዙሪያ የሚጓዝበትን መንገድ፣ ማወቅ ግድ ነው። ግኝትና ምህዋር የማይነጣጠሉ ስለመሆናቸው ከሁሉ የተሻለው ማስረጃ ከአስትሮይዶች ሁሉ ቀድማ የተገኘችው የሴሬስ ታሪክ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ሴሬስ ታይታ፣ ጠፍታ፣ ከዚያም በሂሳብ ተፈልጋ የተመለሰች ናትና። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ቀናትና ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በፀሐይ ቤተሰብ ውስጥ ርቀትን ለመለካት የሚያገለግለው መለኪያ የምድርና የፀሐይ አማካይ ርቀት ሲሆን፣ ይህም 149.6 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የሥነ ፈለክ አሃድ ይባላል። በዚህ መለኪያ ማርስ ከፀሐይ በአማካይ 1.52 አሃድ፣ ጁፒተር ደግሞ 5.2 አሃድ ይርቃሉ፤ በመካከላቸው ያለው ሰፊ ክፍተት የጥንቶቹን ተመራማሪዎች ሲያሳስብ ኖሯል። ጀርመናዊው ዮሃን ቲትዩስ በ1766፣ ዮሃን ቦደ ደግሞ በ1772 የፕላኔቶችን ርቀት የሚያስታውስ አንድ የቁጥር ቅደም ተከተል አስተዋወቁ። 0፣ 3፣ 6፣ 12፣ 24፣ 48፣ 96 እያሉ ቁጥሮቹን በእጥፍ ከጨመሩ በኋላ በእያንዳንዱ ላይ 4 ደምሮ ለ10 ማካፈል ነው። ውጤቱ ለሚታወቁት ፕላኔቶች በሚገርም ሁኔታ ቀረበ፤ ነገር ግን በ2.8 አሃድ ላይ ምንም አካል አልነበረም። በ1781 ኸርሸል ያገኛት ዩራነስ ከቅደም ተከተሉ ጋር በመስማማቷ እምነቱ ጠነከረ፤ በ1800ም ፍራንዝ ፎን ዛክና ባልደረቦቹ ፕላኔቶች የሚጓዙበትን የዞዲያክ ሰማይ ለ24 ተመልካቾች ከፋፍለው የጎደለችውን ፕላኔት ለማደን ተስማሙ። ዛሬ ይህ ቅደም ተከተል የተፈጥሮ ሕግ ተደርጎ አይቆጠርም፤ በ1846 የተገኘችው ኔፕቲዩን ጨርሶ አልገጠመችውም። ቢሆንም ሰዎች ትክክለኛውን ቦታ እንዲመለከቱ ያደረገ የተሳሳተ ምክንያት በመሆኑ ሊጠቀስ ይገባዋል።

ሴሬስን ያገኛት ግን ፕላኔት ያድን የነበረ ሰው አልነበረም። ጁዜፔ ፒያትሲ በሲሲሊ ደሴት በፓሌርሞ ከተማ የከዋክብት መመልከቻ ጣቢያን ይመራ የነበረ ካህን ሲሆን፣ ዋና ሥራው የከዋክብትን ትክክለኛ ቦታ የሚመዘግብ ዝርዝር ማዘጋጀት ነበር። ለዚህም የእንግሊዙ መሣሪያ ሠሪ ጄሲ ራምስደን የሠራው፣ የከዋክብትን ከፍታ በጥንቃቄ የሚለካ ትልቅ ክብ መሣሪያ ነበረው። የፒያትሲ ልማድ እያንዳንዱን ኮከብ በተለያዩ ሌሊቶች ደጋግሞ መለካት ነበር። ጃንዋሪ 1 ቀን 1801 ምሽት በሠውር ኅብረ ኮከብ አካባቢ አንዲት ደብዛዛ ነጥብ መዘገበ፤ በማግስቱ ሲለካት ቦታዋ ተዛውሮ አገኘው። መጀመሪያ የራሱን ልኬት ጠረጠረ። በሦስተኛው ሌሊት ግን ነጥቧ እንደገና ወደዚያው አቅጣጫ ሄዳ ስለነበር ጥርጣሬው ተወገደ። ግኝቱን የወለደው ያ የመደጋገም ልማድ ነው፤ እያንዳንዱን ኮከብ አንድ ጊዜ ብቻ ለክቶ የሚያልፍ ሰው ቢሆን ኖሮ ሴሬስን በዝርዝሩ ላይ እንደ አንዲት ተራ ኮከብ ጽፏት ባለፈ ነበር።

ነጥቧ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ወደ ምዕራብ ስትሄድ ቆይታ፣ ቆም አለችና አቅጣጫዋን ወደ ምሥራቅ አዞረች። ይህ ከሴሬስ የመጣ ለውጥ አይደለም። ምድር ወደ ፀሐይ የቀረበች በመሆኗ ከሴሬስ ይልቅ ፈጥና ትጓዛለች፤ በሰከንድ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትሄደው ምድር በሰከንድ 18 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትሄደውን ሴሬስን ቀድማ ስታልፍ፣ የምትቀደመው ወደ ኋላ የምትሸሽ ትመስላለች። ምድር እየራቀች ስትሄድ ደግሞ እውነተኛው ወደ ምሥራቅ የሚደረገው ጉዞ ይታያል። እንዲህ ያለው ወደ ኋላ የመሄድ መልክ ነገሩ ከከዋክብት ይልቅ እጅግ የቀረበ፣ በፀሐይ ዙሪያ የሚዞር አካል መሆኑን ይናገራል። ፒያትሲ በጃንዋሪ 24 ለቦደና በሚላኖ ለነበረው ወዳጁ ለባርናባ ኦሪያኒ ሲጽፍ ግኝቱን ጅራታም ኮከብ ብሎ አስታወቀ፤ ለኦሪያኒ ግን በዙሪያዋ ጭጋግ የማይታይባትና እንቅስቃሴዋ ዝግ ያለ በመሆኑ ከጅራታም ኮከብ የበለጠ ነገር ልትሆን እንደምትችል አልሸሸገም።

ከዚያ ታመመ። የመጨረሻው ልኬት የተወሰደው በፌብሩዋሪ 11 ሲሆን፣ ደብዳቤዎቹ ጀርመን እስኪደርሱና ዜናው እስኪሰማ ሴሬስ ወደ ፀሐይ አቅጣጫ ገብታ በብርሃኗ ተሸፍና ነበር። በእጅ የቀረው የ41 ቀናት ልኬት ብቻ ነው። ሴሬስ ፀሐይን ለመዞር 4.6 ዓመት ስለሚፈጅባት፣ ይህ ከሙሉ ዙሯ ከ40 እጅ አንዱ ያህል ነበር፤ ከምድር ሲታይም በሰማይ ላይ የሸፈነችው ቅስት 3 ዲግሪ ገደማ ነው። ከፀሐይ ጀርባ ስትወጣ ከወራት በኋላ የት እንደምትታይ ካልታወቀ፣ ተመሳሳይ ብርሃን ባላቸው እልፍ ከዋክብት መካከል እሷን መፈለግ ተስፋ የሚያስቆርጥ ሥራ ይሆን ነበር።

እዚህ ላይ ችግሩ በትክክል ምን እንደነበረ ቆም ብሎ መረዳት ያስፈልጋል፤ ከጠቅላላው ታሪክ ውስጥ እጅግ ውብ የሆነው ክፍል ይህ ይመስለኛልና። ቴሌስኮፕ አቅጣጫን እንጂ ርቀትን አይነግርም። አንድ ልኬት የሚሰጠው ከምድር ተነሥቶ ወደ ጠፈር የሚዘረጋ ቀጥተኛ መስመር ነው፤ አስትሮይዱ በዚህ መስመር ላይ፣ በክር ላይ እንደተሰካች ዶቃ፣ በሆነ ቦታ ላይ አለ፤ ነገር ግን ቅርብ ይሁን ሩቅ አይታወቅም። በዚያ ላይ ተመልካቹ የቆመባት ምድር ራሷ ትጓዛለች። ምህዋርን ሙሉ በሙሉ ለመግለጽ ስድስት ቁጥሮች ያስፈልጋሉ፤ እያንዳንዱ ልኬት ደግሞ ሁለት ማዕዘኖችን ይሰጣል። ስለዚህ ሦስት ልኬቶች በመርህ ደረጃ ይበቃሉ፤ ሦስት ጊዜ ሁለት ስድስት ነውና። ከመርሁ ወደ መልሱ መድረስ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። በዚያ ዘመን ብዙዎቹ ምህዋሩ ክብ ነው ብለው በመነሣት ሥራውን ያቃልሉ ነበር፤ ለዩራነስ ይህ ግምት ለጊዜው አገልግሏል። ለሴሬስ ግን አልሠራም።

የብራውንሽዋይጉ ካርል ፍሪድሪክ ጋውስ በ1801 መገባደጃ ላይ የ24 ዓመት ወጣት ነበር። ዛክ የፒያትሲን ልኬቶች ሲያሳትም አይቶ፣ ክብ ነው የሚል ግምት ሳያስገባ ምህዋሩን በቀጥታ ከልኬቶቹ ለማውጣት ተነሣ። የዘዴው መሠረት በሁለት እውነቶች ላይ ያረፈ ነው። አንደኛው፣ በፀሐይ ስበት ብቻ የሚመራ አካል ሁልጊዜ ፀሐይን በሚያቋርጥ አንድ ጠፍጣፋ ጠለል ላይ የሚጓዝ መሆኑ ነው። ስለዚህ ከምድር የተዘረጉትን ሦስቱን ክሮች ፀሐይን በሚያቋርጥ ጠለል ብንቆርጣቸው፣ ጠለሉ እያንዳንዱን ክር በአንድ ነጥብ ላይ ያገኘዋል፤ ጠለሉን ባዘነበልን ቁጥርም ሦስቱ ነጥቦች ይለወጣሉ። ከእነዚህ ስፍር ቁጥር ከሌላቸው አማራጮች ትክክለኛውን የሚመርጠው ሁለተኛው እውነት ነው፦ የፕላኔቶችን እንቅስቃሴ ሕጎች ያወጣው ዮሃንስ ኬፕለር እንዳሳየው ከፀሐይ ወደ አካሉ የሚሳበው መስመር በእኩል ጊዜ እኩል ስፋት ይጠርጋል። በመጀመሪያውና በሁለተኛው ልኬት መካከል፣ እንዲሁም በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል ስንት ቀን እንዳለፈ ይታወቃል፤ የተጠረጉት ስፋቶችም በዚያው ንጽጽር መሆን አለባቸው።

አስቸጋሪው ነገር የስፋቱ አንዱ ጠርዝ ያልታወቀው ምህዋር ራሱ መሆኑ ነው። ጋውስ በቅድሚያ ጥምዙን ጠርዝ በቀጥታ መስመር ተክቶ በሦስት ማዕዘኖች ስፋት ይጀምራል፤ ከዚያ ግምታዊ ርቀት ያገኛል፤ ከግምታዊው ርቀት ግምታዊ ምህዋር ያወጣል፤ በቀጥታው መስመርና በጥምዙ መካከል የቀረችውን ቀጭን ቁራጭ በዚያ ምህዋር አስልቶ ያርማል፤ ከታረመው ስፋት ደግሞ የተሻለ ርቀት ይወጣል። ውጤቱ መለወጥ እስኪያቆም ድረስ ይህ ይደጋገማል። ሁሉም በእጅና በሎጋሪዝም ሰንጠረዥ የተሠራ ነው። የፒያትሲ ልኬቶች በጥራታቸው የተመሰገኑ ባይሆኑ ኖሮ ይህ ሁሉ ድካም ከንቱ በሆነ ነበር፤ በ3 ዲግሪ ቅስት ላይ የምትፈጸም ጥቂት ስህተት ከወራት በኋላ ወደ ሰፊ መሳሳት ታድጋለችና። ስለዚህ የግኝቱ ክብር ለጋውስ ብቻ ሲሰጥ ስሰማ የፓሌርሞው ካህን እንደተበደለ ይሰማኛል።

የጋውስ ትንበያ ሌሎች ካመለከቱት ቦታ በብዙ ዲግሪ የራቀ ነበር። ዛክ በዲሴምበር ወር ጋውስ ባመለከተው አቅጣጫ መፈለግ ጀመረ፤ ደመናው ሥራውን ቢያጓትተውም በዲሴምበር 31 ቀን 1801 ሴሬስን ከተተነበየላት ቦታ አጠገብ አገኛት። ሐኪሙና የሥነ ፈለክ ሊቁ ሃይንሪሽ ኦልበርስም በብሬመን በጃንዋሪ 1802 መጀመሪያ አያት። ዛክ ያገኛት ከፒያትሲ የመጀመሪያ ምሽት አንድ ዓመት ሊሞላ አንድ ሌሊት ሲቀረው ማለት ነው።

አሁን ምህዋሩን የሚገልጹትን ስድስት ቁጥሮች በሴሬስ ላይ መመልከት ይቻላል። ምህዋሯ ሞላላ ነው፤ የሞላላውን ትልቅነት የሚናገረው ግማሽ ረጅም ዛቢያው ሲሆን፣ ለሴሬስ 2.77 የሥነ ፈለክ አሃድ ነው። ከዚህ አንድ ቁጥር ብቻ የዙሩ ጊዜ ይወጣል፤ በኬፕለር ሦስተኛ ሕግ መሠረት 2.77ን ሦስት ጊዜ በራሱ አባዝተን የውጤቱን ካሬ ሥር ብንወስድ 4.6 ዓመት እናገኛለን። ሁለተኛው ቁጥር ሞላላው ከክብ ምን ያህል እንደራቀ ይነግረናል፤ ለክብ 0 የሚሆነው ይህ ቁጥር ለሴሬስ 0.08 ገደማ በመሆኑ፣ ከፀሐይ ያላት ርቀት ከ2.55 እስከ 2.98 አሃድ ይለዋወጣል፤ ስትቀርብ ትፈጥናለች፣ ስትርቅ ትዘገያለች። ሦስተኛው ዝንባሌ ነው፦ የምህዋሯ ጠለል ከምድር ምህዋር ጠለል ጋር 10.6 ዲግሪ ያህል ማዕዘን ይሠራል፤ ይህም ከትልልቆቹ ፕላኔቶች ሁሉ የበለጠ ነው። የቀሩት ሁለት ማዕዘኖች ያ የተዘነበለ ሞላላ በየትኛው አቅጣጫ እንደዞረ፣ ስድስተኛው ደግሞ አካሉ በአንድ በተወሰነ ቀን በሞላላው ላይ የት እንደነበረ ይናገራሉ። ይህ የመጨረሻው ካልተጨመረ መንገዱን እናውቃለን እንጂ ተጓዡን አናገኘውም።

ምህዋር ሲታወቅ ርቀት ይታወቃል፤ ርቀት ሲታወቅ ደግሞ ብርሃን ትርጉም ያገኛል። ያቺ ደብዛዛ ነጥብ ትንሽና ቅርብ፣ ወይም ትልቅና ሩቅ ልትሆን ትችላለች፤ የትኛው እንደሆነ የሚለየው ምህዋሩ ነው። ገጿ ከሚያርፍበት ብርሃን ምን ያህሉን እንደሚመልስ ከተለካ በኋላ መጠኗ ይሰላል። ሴሬስ የሚያርፍባትን ብርሃን ከ10 እጅ አንዱን እንኳ የማትመልስ ጥቁር አካል ስትሆን፣ አማካይ ስፋቷ 940 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በማርስና በጁፒተር መካከል ባለው የአስትሮይዶች ቀበቶ ውስጥ ካለው ቁስ በጠቅላላ አንድ ሦስተኛ ያህሉ እሷ ናት፤ የቀበቶው ጠቅላላ ክብደት ግን ከጨረቃ 5 በመቶ እንኳ አይሞላም። በ2006 ከአስትሮይድነቷ በተጨማሪ ድንክ ፕላኔት ተብላ ተመድባለች።

ከሴሬስ በኋላ ኦልበርስ በ1802 ፓላስን፣ ካርል ሃርዲንግ በ1804 ጁኖን፣ እንደገና ኦልበርስ በ1807 ቬስታን አገኙ። አምስተኛዋ አስትሪያ እስክትገኝ እስከ 1845 ድረስ ተጠበቀ። ነገሩን ያፋጠነው የፎቶግራፍ ጥበብ ነው፤ በ1891 በሃይድልበርግ ማክስ ቮልፍ ቴሌስኮፑን ከዋክብትን እንዲከተል አድርጎ ረጅም ፎቶግራፍ ሲያነሣ፣ ከዋክብቱ ነጥብ፣ አስትሮይዱ ግን አጭር መስመር ሆኖ ወጣ።

የዛሬው አሠራር በመሠረቱ የፒያትሲ ነው፤ ፍጥነቱ ግን ሌላ ነው። እንደ ሃዋዩ ፓንስታርስ ያሉ ቴሌስኮፖች አንዱን የሰማይ ክፍል በደቂቃዎች ልዩነት ደጋግመው ያነሡታል፤ ኮምፒውተርም ቦታ የለወጠውን ነጥብ ይለያል። ምድር በፀሐይና በአስትሮይዱ መካከል በምትገባበት ወቅት፣ አስትሮይዱ ሌሊቱን ሙሉ በሚታይበትና በሚደምቅበት ጊዜ ማለት ነው፣ ሴሬስን የመሰለ አካል በሰማይ ላይ በቀን 13 የዲግሪ ደቂቃ ገደማ (አንድ ዲግሪ 60 ደቂቃ ነው)፣ ማለትም ከሙሉ ጨረቃ ስፋት ግማሽ በጥቂት የሚያንስ ርቀት ይጓዛል፤ ስለዚህ የ20 ደቂቃ ጊዜ እንኳ ለዘመናዊ ካሜራ በቂ ነው። ልኬቶቹ በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ወደሚገኘው የትንንሽ ፕላኔቶች ማዕከል ይላካሉ። ማዕከሉ አዲስ መሆኑን ሲያረጋግጥ ጊዜያዊ መለያ ይሰጠዋል፤ መለያው የታየበትን ዓመት፣ የታየበትን የወር አጋማሽ የሚያመለክት ፊደልና ተራውን የሚያመለክት ሌላ ፊደል የያዘ ነው። ቋሚ ቁጥር የሚሰጠው ግን ምህዋሩ አስተማማኝ ሲሆን ነው፤ ለቀበቶው አካላት ይህ አብዛኛውን ጊዜ ምድር በአራት የተለያዩ ዙሮች ቀድማቸው ስታልፍ መታየታቸውን ይጠይቃል። ምድር ሴሬስን ደግማ የምትደርስባት በ15 ወር ገደማ አንድ ጊዜ ስለሆነ፣ ይህ የዓመታት ትዕግሥት ነው። ስም የማቅረብ መብት ለአግኚው የሚሰጠውም ከቁጥሩ በኋላ ነው፤ ቅደም ተከተሉ ተገቢ ነው እላለሁ።

ትዕግሥቱ ለምን እንደሚያስፈልግ 878 ሚልድረድ ታሳያለች። በ1916 በካሊፎርኒያ በማውንት ዊልሰን ተገኝታ፣ በሥነ ፈለክ ተመራማሪው በሃርሎው ሻፕሊ ሴት ልጅ ስም ተሰየመች፤ ቁጥርም ተሰጣት። የተለካችበት ጊዜ ግን አጭር ስለነበር ምህዋሯ በቂ እርግጠኝነት አልነበረውም፤ ጠፋችና እስከ 1991 ድረስ ለ75 ዓመታት አልተገኘችም። ስምና ቁጥር ቢኖራትም የት እንዳለች የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

ጋውስ ያሰላው ምህዋር የፀሐይን ስበት ብቻ የሚቆጥር ነበር። ጁፒተር ግን ዝም አይልም፤ ስለዚህ ስድስቱ ቁጥሮች ቀስ በቀስ ስለሚለወጡ ሁልጊዜ ከሚያገለግሉበት ቀን ጋር አብረው ይጻፋሉ። የጁፒተር ተጽዕኖ አንዳንድ ቦታ ላይ ይከማቻል። ከፀሐይ 2.5 አሃድ ላይ ያለ አካል ጁፒተር አንድ ጊዜ ስትዞር እሱ ሦስት ጊዜ ይዞራል፤ በመሆኑም ከጁፒተር የሚደርስበት ጉተታ በተመሳሳይ ቦታ ይደጋገማል፤ ምህዋሩ እየረዘመና እየቀጠነ ሄዶ በመጨረሻ ማርስን ወይም ምድርን እስከማቋረጥ ይደርሳል። አሜሪካዊው ዳንኤል ኪርክዉድ በ1866 አስትሮይዶችን በግማሽ ረጅም ዛቢያቸው ሲደረድር በ2.5 እና በ3.27 አሃድ አካባቢ ባዶ ቦታዎች መኖራቸውን ያስተዋለው ለዚህ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ፦ ወደ ቀበቶው ሄዶ የሚያይ ሰው እነዚህን ክፍተቶች አያያቸውም። አካላቱ በሞላላ መንገድ ስለሚጓዙ 2.5 አሃድ ላይ በማንኛውም ቅጽበት የሚያልፉ ብዙዎች ናቸው፤ ባዶው ያለው በጠፈር ውስጥ ሳይሆን በምህዋሮቹ ዝርዝር ውስጥ ነው። በተመሳሳይ መንገድ ጃፓናዊው ኪዮትሱጉ ሂራያማ በ1918 ዛቢያቸው፣ ሞላላነታቸውና ዝንባሌያቸው የሚቀራረቡ አስትሮይዶችን በቡድን ለይቶ፣ በግጭት የተሰበሩ ትልልቅ አካላት ስብርባሪዎች መሆናቸውን አመለከተ። ስብርባሪዎቹ በጠፈር ተበታትነዋል፤ ዝምድናቸው የተጠበቀው በምህዋራቸው ቁጥሮች ውስጥ ነው።

የናሳ መንኮራኩር ዶውን በሴፕቴምበር 2007 ከምድር ስትነሣ ሴሬስ በዚያን ጊዜ ወደነበረችበት ቦታ አልተላከችም። መጀመሪያ ከ2011 እስከ 2012 ቬስታን እየዞረች አጠናች፤ ከዚያም በማርች 6 ቀን 2015 ሴሬስ ትደርስበታለች ተብሎ በተሰላው ቦታ ተገናኘቻት። ኦካቶር በተባለው፣ በግጭት በተፈጠረው የሴሬስ ጉድጓድ ውስጥ የሚያበሩት ነጭ ቦታዎች የጨው ክምችት መሆናቸው የታወቀው ያን ጊዜ ነው። በ2018 የመንኮራኩሯ ነዳጅ አለቀ። ዶውን ግን ሳትወድቅ ሴሬስን መዞሯን ቀጥላለች፤ ከእሷም ጋር በየ4.6 ዓመቱ ፀሐይን ትዞራለች።